ኒኮላ ቴስላ፦ ከሞተር ብልጭታ እስከ ሪሞት መኪና

በሳዑዲ ዓረቢያ ዓዚዚያ የሚል ስም ያላቸው ሰፈሮች በጅዳም በመካም ይገኛሉ። የመካው ዓዚዚያ ለሚና ቅርብ በመሆኑ በሐጅ ወቅት ሑጃጆች ያርፉበታል፤ የጅዳው ደግሞ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሰዎች የሚኖሩበትና የሚገበያዩበት ነው። እንዲህ ባለ የአሸዋና የሙቀት አገር በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የጭነት መኪና የያዘ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጥገና መማሩ አይቀርም። አሸዋ በጥርሶቿ መካከል ይገባል፤ የቀይ ባሕር እርጥበት ብረቷን ያዝጋል፤ የበጋው ሙቀት ሞተሯን ያግላል። ይሁን እንጂ ስትሰበር ከምትጣለው የልጆች መጫወቻ በተለየ ይህቺኛዋ ብሎኗ ተፈትቶ፣ ኩሽኔታዋ ተቀይሮ፣ ያለቀው ጥርሷ በአዲስ ተተክቶ እንደገና የምትነሣ ናት።

ባለቤቷ ከጥገና አልፎ ሊያሻሽላት ሲነሣ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚቀይረው ሞተሯን ነው። ካርቦን ያለው አሮጌ ሞተር ይወጣና ካርቦን የሌለው ይገባል። ቀጥሎ የሬዲዮው ተራ ይደርሳል። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ካርቦን ሳይነካው የሚዞር ሞተርና ሽቦ ሳይደርሰው የሚታዘዝ ተሽከርካሪ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ያ ሰው ኒኮላ ቴስላ ነው። ዛሬ ብዙዎች ስሙን የሚያውቁት በኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ኩባንያ አማካይነት ነው፤ ኩባንያው ግን የተመሠረተው ሰውየው ካረፈ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

የቄሱ ልጅ

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1856 በዛሬዋ ክሮኤሽያ፣ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው ስሚልያን በተባለች መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ሰርቦች ነበሩ። አባቱ ሚሉቲን የኦርቶዶክስ ቄስ ሲሆኑ፣ ልጃቸውም ፈለጋቸውን ተከትሎ ቅስናን እንዲቀበል ይሹ ነበር። እናቱ ጁካ ማንበብ ባይማሩም ረጃጅም የሰርብ የጀግንነት ግጥሞችን በቃላቸው የያዙ፣ ለቤት ሥራ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችንም በእጃቸው የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ቴስላ የፈጠራ ዝንባሌውን የወረሰው ከእናቱ መሆኑን በሕይወት ታሪኩ ውስጥ መስክሯል።

እ.ኤ.አ. በ1873 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኮሌራ ያዘው። ለዘጠኝ ወራት ያህል የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ከሞት አፋፍ ደረሰ። የልጃቸው ሕይወት በእጃቸው ላይ ልታልፍ መሆኑን ያዩት አባት፣ ከዳነ ቅስናውን ትተውለት ምሕንድስና እንዲማር ወደተሻለው ትምህርት ቤት እንደሚልኩት ቃል ገቡለት። ልጁ ዳነ፤ አባትም ቃላቸውን ጠበቁ።

በክፍል ውስጥ የታየችው ብልጭታ

እ.ኤ.አ. በ1875 ቴስላ በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። የፊዚክስ መምህሩ ፕሮፌሰር ያኮብ ፖሽል አንድ ቀን ከፓሪስ የመጣ የግራም ማሽን ለተማሪዎቻቸው አሳዩ። ማሽኑ ሲያዞሩት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ ራሱ የሚዞር ነበር። እንደ ሞተር ሲሠራ ግን ብሩሾቹ ክፉኛ ብልጭታ ይረጩ ጀመር።

የብልጭታው ምክንያት ይህ ነው። በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሞተር መዞሩን እንዲቀጥል በጥቅል ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እየተመላለሰ አቅጣጫውን መለወጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው ከዘንጉ ጋር የሚዞር፣ በብዙ ቦታ የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ እየተጫኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ብሩሾች ናቸው። ያን ጊዜ ከሽቦ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ከካርቦን ስለሚሠሩ የጥገና ባለሙያዎች በአጭሩ ካርቦን ይሏቸዋል። ብሩሹ ከአንዱ የመዳብ ክፋይ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብሩሹ ያልቃል፤ መዳቡ ይቃጠላል፤ ጉልበት በከንቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አሸዋ ላይ የምትነዳውን ትንሽ መኪና ሞተር ፈትቶ ጥቁር ዱቄት ያገኘ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው።

ቴስላ ማሽኑን እንዳየ ብሩሾቹም ሆኑ የተከፋፈለው ቀለበት ጨርሶ ሊቀሩ እንደሚችሉ ተናገረ። ፕሮፌሰሩ ግን ነገሩ ፈጽሞ የማይሳካ መሆኑን በክፍሉ ፊት በሰፊው አስረዱ። ወጣቱ ለጊዜው ዝም አለ፤ ሐሳቡ ግን ለዓመታት አልለቀቀውም። በመካከሉ ሕይወቱ ተመሰቃቀለ። በቁማር ተጠመደ፤ ከግራዝ ዲግሪ ሳይዝ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 አባቱን በሞት አጣ። ወደ ፕራግ ሄዶ ትምህርት ለመከታተል ቢሞክርም በዚያም ዲግሪ አላገኘም። በመጨረሻ ቡዳፔስት ገብቶ በስልክ ማዕከል ተቀጠረ።

መልሱ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1882 መጀመሪያ ላይ በቡዳፔስት የከተማ መናፈሻ ከጓደኛው ከአንታል ሲጌቲ ጋር ፀሐይ ስትጠልቅ እየተራመደ ሳለ እንደነበር ጽፏል። በያዘው ዘንግ መሬቱ ላይ ንድፉን ሥሎ ለጓደኛው አሳየው። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተለዋጭ ኤሌክትሪኮች አንዱ ከሌላው ዘግየት እያለ በዙሪያ ለተደረደሩ ጥቅል ሽቦዎች ቢሰጡ፣ የማግኔቱ ጉልበት ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው እየተላለፈ ይዞራል። በመካከል ያለው ዘንግ ይህን የሚዞር ጉልበት ተከትሎ ይሽከረከራል። ለዚህ ብሩሽ አያስፈልግም፤ የሚነካካ፣ የሚያልቅ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የለም።

ዛሬ በሪሞት መኪና ውስጥ ያለው ካርቦን አልባ ሞተር የሚሠራው በዚሁ የሚዞር የማግኔት ጉልበት ነው። ከባትሪው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው በሦስት ሽቦዎች አማካይነት ተራ በተራ ለጥቅሎቹ ያከፋፍለዋል፤ ዘንጉ ላይ ያለው ማግኔት ይከተለዋል። የቴስላ ሞተር በዘንጉ ላይ ቋሚ ማግኔት ያልነበረው በመሆኑ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ መሠረታቸው ግን አንድ ነው። ኢጣሊያዊው ጋሊሊዮ ፌራሪስም ለብቻው ወደዚሁ ሐሳብ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1888 ይፋ አድርጎታል።

ጠጋኙ መሐንዲስ

ሐሳብ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ፓሪስ ሄዶ በአህጉሪቱ የኤዲሰን ኩባንያ ተቀጠረ። ሥራውም የሌሎች ሰዎች ማሽኖች በተበላሹ ጊዜ እየተላከ መጠገን ነበር። በስትራስቡርግ የባቡር ጣቢያ የተተከለው የመብራት ማመንጫ በምረቃው ዕለት ቀዳማዊ ቄሣር ቪልሄልም በተገኙበት ሽቦ ተገናኝቶ የግንቡን ከፊል አፍርሶ ስለነበር፣ ቴስላ ወደዚያ ተላከ። ቀን የሌሎችን ማሽን እየጠገነ፣ በትርፍ ጊዜው ብሩሽ የሌለውን የመጀመሪያ ሞተሩን በዚያችው ከተማ ሠርቶ አስዞረ። የሚገዛው ሰው ግን አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1884 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በኪሱ የነበረው ጥቂት ሳንቲም ብቻ እንደነበር ይታወቃል። በቶማስ ኤዲሰን ድርጅት እንደተቀጠረ ኦሪጎን የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ሁለቱም ዲናሞዎቿ ተበላሽተው ከጉዞ ታግዳ ነበር። ቴስላ መሣሪያዎቹን ይዞ ማታ ወደ መርከቧ ገባ፤ በመርከቧ ሠራተኞች እየታገዘ የተቃጠሉትንና የተገናኙትን ሽቦዎች ለይቶ እስኪነጋ ድረስ ጠግኖ ጨረሰ። የኤዲሰን አድናቆትም ያተረፈው በዚህ ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ የሁለቱ ሰዎች መንገድ ተለያየ። ኤዲሰን በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያምን ነበር፤ ቴስላም ተስፋ ያደረገው ክፍያ ባለመፈጸሙ ከወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀ። ከሌሎች ጋር ያቋቋመው የመብራት ኩባንያ ሥራው እንደተጠናቀቀ ባለሀብቶቹ ገፍተው አስወጡት። እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1887 ባለው ጊዜ የኤሌክትሪክን ዓለም የሚለውጠው ሰው በቀን ሁለት ዶላር እየተከፈለው ቦይ ሲቆፍር ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1887 አልፍሬድ ብራውንና ቻርልስ ፔክ የተባሉ ሰዎች ገንዘብ አውጥተው ላቦራቶሪ ከፈቱለት። በዚህ ጊዜ ቴስላ ፓተንት ያወጣው ለሞተሩ ብቻ አልነበረም፤ ለጄኔሬተሩ፣ ለማስተላለፊያውና ለማከፋፈያው ጭምር ነበር። ምክንያቱንም ማንም የሪሞት መኪና ጠጋኝ አያጣውም። ብርቱ ሞተር ደካማ አካል ላይ ሲገጠም ድካሙ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሸጋገራል። ሞተሩ ሲጠነክር ጥርሱ ይረግፋል፤ ጥርሱ በብረት ሲተካ ዲፈረንሻሉ ይፈነዳል፤ ዲፈረንሻሉ ሲጠነክር አክስሉ ይጠመዘዛል። ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ሁሉንም አብሮ ማሰብ ይኖርበታል፤ ቴስላም ያደረገው ይህን ነበር።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1888 በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ስለ ሞተሩ ንግግር አደረገ። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስም ፓተንቶቹን በጥሬ ገንዘብ፣ በአክሲዮንና ሞተሮቹ በሚሰጡት በእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለመክፈል ተዋዋለ። የኩባንያው ማሽኖች በሰከንድ 133 ዙር በሚደርስ ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ይሠሩ ስለነበር ከቴስላ ሞተር ጋር አልተስማሙም። ከብዙ ክርክርና ሙከራ በኋላ 60 ዙር ተመረጠ። ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ዙር የሚያደርግ ነው፤ የኢትዮጵያው 50 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርዒት በተለዋጭ ኤሌክትሪክ ደመቀ። ከዓድዋ ድል ስምንት ወር ከመንፈቅ ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1896፣ ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨ ኃይል ቡፋሎ ከተማ ገባ። ቴስላ ግን ዌስቲንግሃውስ በገንዘብ ችግር በተጨነቀ ጊዜ በየፈረስ ጉልበቱ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ክፍያ ተወለት። ይህ ቸርነት ኋላ ላይ ብዙ አስከፍሎታል።

ማንም ሳይነካት የምትታዘዝ ጀልባ

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1895 የኒው ዮርክ ላቦራቶሪው በእሳት ጋየ። የዓመታት ማስታወሻዎቹና መሣሪያዎቹ ዐመድ ሆኑ። ቴስላ ከባዶ ጀመረ፤ አሁን ትኩረቱ ያለ ሽቦ ኃይልና መልእክት ማስተላለፍ ላይ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተዘጋጀው የኤሌክትሪክ ትርዒት ላይ ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ሜትር ጥቂት የምትበልጥ የብረት ጀልባ ይዞ ቀረበ።

ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ፣ ስትዞር፣ ስትቆምና መብራቶቿን ስታበራ የሚነካት ሰው አልነበረም። ቴስላ ከርቀት ቆሞ ትንሽ ሣጥን ላይ ያለ እጀታ ብቻ ያዞር ነበር። ከተመልካቾቹ አንዳንዱ በአስማት፣ አንዳንዱ በሐሳብ ኃይል የምትንቀሳቀስ መሰለው፤ በውስጧ የሠለጠነ ጦጣ ተደብቋል ያለም ነበር። ቴስላም ከሰዎቹ ጋር ይጫወት ነበር። የ64 ሦስተኛ ሥር ስንት ነው ተብላ በተጠየቀች ጊዜ የጀልባዋ መብራት አራት ጊዜ በርቶ ጠፋ፤ መልሱን የሰጠው መቆጣጠሪያውን የያዘው ራሱ ቴስላ መሆኑ ነው።

ክዳኗ ቢነሣ የሚታየው ነገር ዛሬ በሪሞት መኪና ሆድ ውስጥ ካለው ጋር እጅግ ይቀራረባል። ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ጀልባዋን የሚገፋ ሞተር፣ መሪውን የሚያዞር ሌላ ትንሽ ሞተር፣ ማዕበሉን የሚቀበል አንቴናና ተቀባይ ነበሯት። ተቀባዩ የብረት ብናኝ የያዘ ቱቦ ነበር። የሬዲዮ ማዕበል ሲደርሰው ብናኙ ተጣብቆ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ችግሩ አንዴ ከተጣበቀ በኋላ በራሱ አለመላቀቁ ነው፤ ሁለተኛው ትእዛዝ እንዲሰማ ብናኙ መበተን አለበት። ቴስላ ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ ቱቦውን የሚገለብጥ መሣሪያ ሠራለት። እንዲህ ያለች ትንሽ መፍትሔ በወረቀት ላይ ከሚሠራ ሰው አትመጣም፤ በእጁ ሲጠግን ከኖረ ሰው እንጂ።

መሪው የሚታዘዘው ደረጃ በደረጃ ነበር፤ አንድ ምልክት ወደ አንድ በኩል፣ ቀጣዩ ቁም፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው። በዛሬዋ መኪና ሰርቮው መሪውን ነጂው ባዞረው ልክ ያዞረዋል። ቴስላ አንዱ መሣሪያ የሌላውን ትእዛዝ እንዳይሰማ ምን ይደረግ የሚለውንም አስቦበት፣ ተቀባዩ ሁለት የተለያዩ ሞገዶች በአንድነት ሲደርሱት ብቻ እንዲታዘዝ የሚያደርግ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1903 አገኘ። በ27 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ የቀድሞ ሪሞቶችን የያዙ ሁለት ሰዎች በአንድ ቻናል ሲገናኙ የአንዱ መኪና በሌላው ሪሞት ስትሸሽ ያዩ ሰዎች የችግሩን ክብደት ያውቁታል። የዛሬዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ሪሞቶች ተቀባያቸውን ለይተው በማወቃቸው ችግሩን አቃለውታል።

ፓተንቱ ቁጥር 613,809 ሆኖ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1898 ተሰጠ። ርእሱ ስለሚንቀሳቀሱ መርከቦች ብቻ ሳይሆን ስለ ተሽከርካሪዎችም ያወሳል። ቴስላ በእጁ ያለው መጫወቻ ሳይሆን ወደፊት የሰውን ድካም የሚሸከሙ ማሽኖች መጀመሪያ መሆኑን ያምን ነበር። አሜሪካ በዚያው ዓመት ከስፔን ጋር ትዋጋ ስለነበር ፈጠራውን ለጦር ኃይሉ አቀረበ፤ ሆኖም ሥራ ላይ የሚያውለው አላገኘም።

ያልተጠናቀቀው ግንብ

የቴስላ ሕይወት የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ጀልባዋን እያሻሻለ፣ ደካማ ክፍሏን እየለየና እየቀየረ ለገበያ እንደማብቃት ወደ ሌላ፣ እጅግ ወደሚበልጥ ሕልም ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1899 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ገብቶ ሰው ሠራሽ መብረቅ አፈለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከባለባንኩ ጄ. ፒ. ሞርጋን 150,000 ዶላር አግኝቶ በሎንግ አይላንድ ዋርደንክሊፍ የተባለውን 57 ሜትር ያህል የሚረዝም ግንብ ማቆም ጀመረ። ዓላማው ውቅያኖስን አሻግሮ መልእክት፣ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ኃይል ያለ ሽቦ መላክ ነበር።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1901 ጉልየልሞ ማርኮኒ በጣም ርካሽ በሆነ መሣሪያ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን ማሻገሩን አስታወቀ። ቴስላ ዕቅዱን ከማሳነስ ይልቅ አሰፋው፤ ተጨማሪ ገንዘብም ጠየቀ፤ ሞርጋን ግን እምቢ አለ። ሌሎች ባለሀብቶችም ራቁ። የሌላውን ማሽን ጉድለት በአንድ ሌሊት ለይቶ የሚያድን ሰው የራሱን ሥራ ጉድለት አላየም፤ ወይም አይቶ ሊቀበለው አልቻለም። ግንቡ ሥራ ሳይጀምር ቆይቶ ለሆቴል ዕዳው ማካካሻ ተላለፈና እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረሰ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ትልቁን ሽልማታቸውን ሰጡት፤ ሽልማቱ የተሰየመው በኤዲሰን ስም ነበር።

በገና ዕለት

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የብቸኝነት ነበሩ። ቴስላ አላገባም፤ ቤትም አልነበረውም፤ ዕዳ ሲበዛበት ከሆቴል ሆቴል እየተዛወረ፣ በየመናፈሻው ርግቦችን እየመገበ ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በወር 125 ዶላርና የሆቴል ኪራዩን ይከፍልለት ነበር። በ1937 ታክሲ ገጭቶት ክፉኛ ቢጎዳም ሐኪም ቤት መሄድን አልፈለገም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1943 በሆቴል ኒው ዮርከር፣ በክፍል ቁጥር 3327 ብቻውን ሳለ በ86 ዓመቱ አረፈ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም ነበር። አባቱ ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም፣ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ፣ ዕለቱ የገና በዓል ነበር። በኒው ዮርክ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ 2,000 ያህል ሰዎች ተገኙ። ዐመዱ ዛሬ ቤልግሬድ ውስጥ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛል።

ባረፈ በስድስተኛው ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከማርኮኒ በፊት ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን የሠሩትን ሥራ መዝኖ፣ የማርኮኒን ዋና ፓተንት አንዳንድ አንቀጾች ውድቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ የማግኔት ጉልበት ጥግግት መለኪያ ቴስላ ተብሎ ተሰየመ። ጀልባዋ ከታየች ከ78 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ገዢው ራሱ የሚገጥማት የመጀመሪያዋን የኤሌክትሪክ ሪሞት መኪናውን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ቴስላ ትቶት የሄደውን የማሻሻል ሥራ በየአገሩ ያሉ አማተሮች በካቻቢቴና በትዕግሥት እየቀጠሉት ነው።

የእነርሱ ሥራ ከቴስላ ሕልም ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አንዱ ያለቀ ኩሽኔታ ይቀይራል፤ ሌላው የሞተሩን ሙቀት በእጁ ለክቶ ፒኞኑን በሚያንስ ጥርስ ይተካል፤ ሌላው የሊቲየም ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይወርድ ይቆጣጠራል። ዳሩ ግን ግራዝ ውስጥ ብልጭታዋን ያየው ተማሪ የጀመረውም ከዚሁ ነበር፦ ማሽኑ ለምን ይግላል፣ ለምን ያልቃል ብሎ ከመጠየቅ። መምህሩ ይኖር ዘንድ ግድ ነው ያሉትን ጉድለት አልተቀበለም፤ ከምክንያቱ ነቅሎ ጣለው። ዛሬ በአሸዋ ላይ ያለ ብልጭታ የሚዞር እያንዳንዱ ትንሽ ሞተር የዚያ እምቢታ ፍሬ ነው።